በጥር ምን ወባ አለ?

መስከረም 22፣ ሐሙስ

የኩላሊት እጥበት ቀን። በመጀመሪያው ሚኒባስ ከመተማ ዮሐንስ ወጣሁ። ኮኪት ላይ ለፍተሻ ወረድን፣ ተመልሰን ገባን። ገንዳ ውኃ ስደርስ ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ ልብሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

ክሊኒኩ አራት ማሽን ነው ያለው። የእኔ በመስኮቱ በኩል ያለው ነው። ከጎኔ ሁልጊዜ ጋሽ ያረጋል ናቸው። የሽንፋ ሰሊጥ ገበሬ፤ ትውልዳቸው ጎጃም፣ ወደ ቆላ የወረዱት እኔ ሳልወለድ። ኩላሊታቸው ደከመ እንጂ ምላሳቸው አልደከመም።

«እቴ መጂዳ፣ ዛሬስ ስንት ኪሎ ውኃ ተሸክመሽ መጣሽ?»

«ከእርስዎ አልበልጥም።»

«እኔማ ግመል ነኝ፤ የሳምንቱን ባንድ ቀን ነው የምጠጣ።»

ነርሱ ምንይችል ማስክ ሰጠኝ፣ የራሱንም አጠለቀ። ቱቦው ሲከፈት ማንም አይተነፍስበትም። ከአንገቴ ሥር ገብቶ በደረቴ የሚወጣ ቱቦ ነው። ሁለት ጫፍ አለው፣ ቀይና ሰማያዊ። ደሜ በቀዩ ይወጣል፣ ታጥቦ በሰማያዊው ይመለሳል። ከሚያዝያ ጀምሮ እንዲህ ነው የምኖረው። «በዚህ የገባ ነገር ሌላ ቦታ አይዞርም፣ በቀጥታ ልብሽ ነው የሚገባው» ይላል ምንይችል። ውኃ አይንካው፣ ፋሻውን አትክፈቺው፣ ከእኔ በቀር ማንም አይንካው። ሁሉንም እጠብቃለሁ። ከአራታችን ደንብ አክባሪዋ መጂዳ ናት ብሎ ለሌሎቹ ይነግራቸዋል። ደስ ይለኛል፤ ለምን እዋሻለሁ?

ቱቦው ለጊዜው ነው፣ ጎንደር ሄደሽ ክንድሽ ላይ ፊስቱላ ይሠራልሽ ካለኝ ቆየ። ሁለት የደም ሥር አጋጥመው ይሰፏቸዋል፤ ሥሩ ሲያብጥ መርፌው እዚያ ይወጋል። ተሠርቶላት የመጣች ሴት አይቻለሁ። ክንዷ ላይ እባብ የተኛ ይመስላል። አምባሬን የት ላደርግ ነው? ቆይ እስኪ አልኩት።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ

ሱቅ ዋልኩ። ሽቶ፣ ሒና፣ የሱዳን ቅባት ሽቶ ኹምራ፣ ገላ የሚታሽበት ድልካ እሸጣለሁ። ድሮ ዕቃው ሁሉ ድልድዩን ተሻግሮ ከገላባት ነበር የሚመጣው። ሱዳን ከተዋጋ ወዲህ ግማሹን ከአዲስ አበባ ነው የማስጭነው፤ ሽታውም እንደዚያው ግማሽ ነው።

ኹምራ በእጄ ላይ አድርጌ አንዲት ደንበኛ አስሸተትኳት። «አንቺ ላይ ሌላ ነገር ይሆናል» አለችና ከጠርሙሱ አሸተተች። ክፋት የላትም። ሐኪሙም ነግሮኛል፤ ኩላሊት ያላስወገደው በትንፋሽና በላብ ይወጣል። የሽቶ ነጋዴ ሆኖ ሽንት ሽንት መሽተት... ይህን ለማን ይነግሩታል?

በዚህ ሙቀት ቤት ውስጥ የሚተኛ የለም። የእኔና የባሌ የኸሊፋ አልጋ ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን ነበር። ከሚያዝያ ወዲህ የሱ አልጋ ትንሽ ትንሽ ሲርቅ ከረመ። ዛሬ ተሸክሞ የግቢው በር ጋ አደረሰው።

«ምነው?»

«እዚህ ነፋስ አለ።»

በሩ ጋ ነፋስ የለም። በሁለት በኩል ግንብ ነው።

መስከረም 26፣ ሰኞ

ታጠብኩ። ምንም አዲስ ነገር የለም። ኸሊፋ ለሱቁ የትራክተር መለዋወጫ ሊያመጣ ጎንደር ሄደ። የሰሊጥ አጨዳ ደርሷል፣ ዕቃው አሁን ነው የሚፈለገው። እሑድ ይመለሳል።

መስከረም 30፣ ዓርብ

ጥማት። ለቀን የተፈቀደልኝ ግማሽ ሃይላንድ ነው፤ ሻዩም ወጡም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። የሎሚ ቁራጭ ምላሴ ሥር ይዤ ዋልኩ።

ከጁምዓ በኋላ ዘሀቢያ መጣች። ጦርነቱን ሸሽታ ከገዳሪፍ የመጣች ናት። ሴቶቹን ዱኻን ታሞቃለች፣ ድልካዋን ከእኔ ነው የምትወስደው።

«ያ ኡኽቲ፣ ባልሽ እሑድ ይመጣል አሉ።»

«ይመጣል።»

«እና?»

«እና ምን?»

ሳቀች። «ደረቅ ጦልህ አግኝቻለሁ። እንጨቱ ገና ሳይነድ ይሸታል።»

ዱኻን ምን እንደሆነ በዚህ ከተማ የማያውቅ የለም። ጢሱን የምትሞቀው ባል ያላት ሴት ናት። ሽታው ለቀናት ከቆዳ አይለቅም፤ በመንገድ ስታልፍ ጎረቤቱ ሁሉ ባሏ እንደመጣ ያውቃል። ከታመምኩ ወዲህ ሞቄ አላውቅም።

«ይኸ አለብኝ» ብዬ ደረቴን አሳየኋት።

«እንሸፍነዋለና!»

እውነቷን ነው። መሸፈን ነው እንጂ...

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ሞቅኩ።

ፌስታል ቆርጬ ፋሻው ላይ አደረግኩ፣ ዙሪያውን በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር አሸግኩት። ደጋግሜ ነው የዞርኩበት፣ ክፍት ቦታ አልተውኩም። ውኃ አይንካው ነው የተባልኩት። ጢስ ደግሞ ውኃ አይደለም።

ጉድጓዱ ላይ ሰሌን፣ የሰሌኑ መሐል ቀዳዳ። እላዩ ላይ ተቀምጬ ወፍራም ብርድ ልብስ እስከ አንገቴ ተጠቀለልኩ። ጦልሁ ከሥር ይጨሳል። ላቡ ከጀርባዬ፣ ከጡቶቼ መሐል፣ ከጉልበቴ ወረደ። እንዳልጠጣው የተከለከልኩት ውኃ ሁሉ በቆዳዬ ሲወጣ ደስ አለኝ። ሰኞ ክብደቴ ይቀንሳል፣ ምንይችል ያመሰግነኛል ብዬም አሰብኩ። ዘሀቢያ ትከሻዬን በድልካ እያሸች በዓረብኛ ታንጎራጉር ነበር። ለትንሽ ጊዜ በሽተኛ መሆኔን ረሳሁ።

ቤት ገብቼ ፕላስተሩን ስልጠው ከፌስታሉ ሥር ላብ ዥው ብሎ ወረደ። ከውጭ እንዳይገባ ያሸግኩት የውስጡን አልለቅ ብሎ ኖሯል። ፋሻው የታጠበ ጨርቅ መስሏል፣ ጠርዙ ተነስቷል። ለምንይችል ልደውል? ምን ብዬ?

ከፋርማሲ ጎዝ አስመጣሁ። እጄን በሳሙና ታጥቤ ራሴ ቀየርኩት። አሁን ንጹሕ ነው። ጦልህ ጦልህ እሸታለሁ። እኔን እኔን እሸታለሁ።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ኸሊፋ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አየር ሳብ አደረገ። «ሞቀሻል» አለ። ፈገግ ብሏል፤ ወላሂ ፈገግ ብሏል።

እራት በላን። ስለ መንገዱ አወራ፣ ስለ ፍተሻው፣ ስለ ጎንደር ብርድ። ከዚያ ተነስቶ አልጋው ላይ ሄደ። በሩ ጋ ያለው አልጋ ላይ።

አላለቀስኩም። ተናደድኩ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ምንይችል ማስኩን አጥልቆ ጎንበስ እንዳለ ቆመ።

«ፋሻውን ማን ቀየረው?»

«እኔ። በላብ ተነሳ።»

«እንዴት ያለ ላብ ነው እንዲህ የሚያነሳው?»

«መተማ ነው የምኖረው። ዳባት አይደለም።»

አገሩ ብርዳሙ ዳባት ነው። ሳቀ። መውጫውን በመድኃኒት አጸዳ፣ ዙሪያውን በጣቱ ተጫነ። ያምሻል? አላመመኝም። «ሌላ ጊዜ ከተነሳ ደውይልኝ፣ አንቺ አትንኪው» ብሎ አለፈ። እውነቴን ነው፣ ላብ ነበር። ግማሽ እውነትም እውነት ነው... አይደለም እንዴ?

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ማሽኑ ከጀመረ በኋላ በረደኝ። ገንዳ ውኃ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በረደኝ። ጋሽ ያረጋል ጋቢያቸውን አቀበሉኝ።

«ወባ ናት» አሉ።

«መሰለኝ።»

«ያችው ናት እንጂ! በዚህ ወቅት ቆላ ላይ ማንን ትምራለች? የቀን ሠራተኞቼን አንድ ባንድ እየጣለችብኝ፣ ሰሊጡ ማሳ ላይ ሊረግፍ ነው።» ከኪሳቸው የወባ ክኒን አወጡ። ለሠራተኞቻቸው የገዙት ነው። «በይ ጀምሪያት፣ ሳትበረታብሽ።»

ተቀበልኳቸው። እጃቸው ለሰው መስጠት ይወዳል። ለምንይችል አልነገርኩትም። ለወባ ነርስ ይጠራል እንዴ? ሊያልቅ ሲል ቀለል አለኝ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ፋርማሲ ሄጄ ጣቴን ተወጋሁ። ወባ የለም አለ ምርመራው። «አንዳንዴ ትደበቃለች» አለ ባለፋርማሲው፣ «የጀመርሽውን ጨርሺ።» እጨርሳለሁ። እዚህ ነው ያደግኩት። መንቀጥቀጥን ከልጅነቴ ጀምሮ በአንድ ስም ነው የማውቀው።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ኸሊፋ ከሩቅ ሲያየኝ ቆየና፣ «ፊትሽ ልክ አይደለም» አለ።

«ወባ ነው። እየወሰድኩለት ነው።»

«ለክሊኒኩ ንገሪያቸው።»

«ለወባ?»

እሱም እዚሁ ነው ያደገው።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ስገባ ትኩሳቴን ለኩኝ፣ ደህና ነው። ማሽኑ ተጀመረ። ጋሽ ያረጋል የያዙትን ወሬ ሳይጨርሱ ጀመረኝ። ከእግሬ ጣት ተነስቶ እስከ መንጋጋዬ። ጥርሴን ነክሼ ጋቢውን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ።

ምንይችል ወዲያኛው ማሽን ጋ ነበር። «መጂዳ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

ለምን እንዲህ አልኩ? ብነግረው ይጠይቀኛል። ከመቼ ጀምሮ? ፋሻው የተነሳው መቼ ነው? የምን ላብ ነበር? አንዱ ክር ሲመዘዝ ሁሉም ይመዘዛል። ምንይችል ታናሽ ወንድሜን የሚያህል፣ ጨዋ ልጅ ነው። ለሱ ስለ ዱኻን ላውራለት? ባሌ እንዲጠጋኝ ብዬ ነው ልበለው? ደግሞም ያ ደንብ አክባሪዋ ማለቱ...

ሆዴ ይፍጀው።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ደህና ነኝ። ሱቅ ከፍቼ ዋልኩ። ክኒኑ አልቋል።

የሚገርም ወባ ነው የያዘኝ። ሰኞንና ሐሙስን ለይቶ ያውቃል። ይህን ለራሴ ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ፣ ጎንደር

ዛሬ ነው ብዕር መያዝ የቻልኩት። ሐሙስን ልጻፍ።

ረቡዕ ማታ እግሬ አልሸከም ብሎኝ ስለነበር ሐሙስ ኸሊፋ ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ መጣ። ማሽኑ እንደተጀመረ አልጋው ጭምር መንቀጥቀጥ ያዘ። የደም ግፊቴ ወረደ፣ ጣሪያው ራቀብኝ። ምንይችል ሮጦ መጥቶ ማሽኑን አቆመ።

«ወባ ናት፣ መድኃኒት ጀምራለች» አሉ ጋሽ ያረጋል ከጎኔ።

ምንይችል ወደ እኔ ዞረ። «ከዚህ በፊት አንቀጥቅጦሽ ነበር?»

«ባለፈውም። ከዚያ በፊትም።»

«ቤትሽስ?»

«ቤት የለም።»

«እዚህ ብቻ? ማሽኑ ሲጀምር?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ፊቱ ተለወጠ።

«ወባ አይደለም። ቱቦው ውስጥ ጀርም ተቀምጧል። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ወደ ደምሽ እየገፋልሽ ነው።» ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ «ፋሻው የተነሳ ቀን ምን እየሠራሽ ነበር? ውኃ ገብቶበት ነበር?»

ኸሊፋ እግርጌዬ ቆሟል። ጋሽ ያረጋል እዚሁ ናቸው። እፍረቱንና ሞትን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ። እውነቱን ልጻፍ፤ ለአንድ አፍታ እኩል ነበሩ።

«ጢስ ሞቄ ነበር» አልኩ።

«የምን ጢስ? የወጥ ቤት?»

«ዱኻን።»

የዳባት ልጅ ምን ያውቃል! ጋሽ ያረጋል ግን ዕድሜያቸውን ቆላ የኖሩ ናቸው፤ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ኸሊፋ መሬት መሬቱን አየ። በኋላ ያስረዳው እሱ ራሱ ነው። ጉድጓዱን፣ እንጨቱን፣ ብርድ ልብሱን፣ ላቡን፣ ለደንበኛ የትራክተር ዕቃ እንደሚያስረዳው አንድ ባንድ ነገረው። መጨረሻ ላይ፣ «ለባል ነው የሚሞቀው» አለ። ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ።

ምንይችል አልሳቀም። «ያን ዕለት ብትነግሪኝ ኖሮ...» አለና ተወው። ከቱቦውም ከክንዴም ደም ቀድቶ በየጠርሙሱ አደረገ፣ መድኃኒት ሰጠኝ። በዚያው በአምቡላንስ ወደ ጎንደር። መንገዱን አላስታውሰውም። ሽቅብ እንደወጣን ጆሮዬ ሲደፈን ነው ያወቅኩት።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ቱቦውን አወጡት። ጀርሙ በደም ተሰራጭቷል አሉ። ልቤን በማሽን አይተው እዚያ አልተቀመጠም አሉኝ። አልሐምዱሊላህ።

ሐኪሟን ጀርሙ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኳት። ከጢሱ ነው? ከዘሀቢያ እጅ ነው?

«ካንቺው ቆዳ ነው» አለች። «ሁሉም ሰው ቆዳ ላይ አለ፣ እኔም ላይ አለ። እርጥበቱ መንገድ ከፈተለት እንጂ ከውጭ የመጣ አይደለም።»

ደሜ እስኪጠራ አዲስ ቱቦ ወዲያው አይገባም። ኩላሊት የለኝ፣ አሁን ቱቦም የለኝ። ውኃ በጠርሙስ ክዳን ነው የሚሰጡኝ። መድኃኒቱ ካልያዘልኝስ? ጠየቅኩ። ይይዛል ብለን እናስባለን አለች። እናስባለን...

ፈራሁ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ሌሊቱን አላንቀጠቀጠኝም። ዛሬ በታፋዬ ጊዜያዊ ቱቦ አስገብተው አጠቡኝ። ማሽኑ ሲጀምር ጋቢውን ጨምድጄ ጠበቅኩ። አልመጣም። እስከ መጨረሻው አልመጣም።

ኸሊፋ ከመጣን ጀምሮ አልጋዬ ሥር ካርቶን አንጥፎ ነው የሚተኛው። ከሰዓት ዳቦ እየቆረሰልኝ ሳለ፣ «እዚህ ነፋስ አለ?» አልኩት።

ገባው። ዳቦውን አስቀመጠ።

«በእንቅልፌ እጄ ይወራጫል» አለ። «ታውቂው የለ? ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ስባንን ጣቴ ቱቦሽ ላይ ተጠምዷል። ቀዩ ላይ። ተኝተሽ ነበር። ጣቴን ሳስለቅቅ ላቤ... ብስበው ኖሮስ? ከዚያ ወዲያ አንቺ ጎን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»

«አትነግረኝም?»

«ትሳቀቂያለሽ ብዬ።»

«ሽታዬ ያስጠላህ መስሎኝ ነበር።»

አሰብ አደረገ። «ትሸቻለሽ» አለ። «ታዲያስ? እኔ ግሪስ እሸታለሁ።»

ሳቅኩ። ከዚያ እንደገና ተናደድኩ፣ በሱም በራሴም። ሁለታችንም አፍ አለን። ሱቅ ላይ ከማንም ጋር እንደልባችን እናወራለን። ቤት ውስጥ ግን በአንዲት ቃል እጦት ልሞት ነበር።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ግራ ክንዴ ላይ ፊስቱላው ተሠራ። ሥሩ እስኪያብጥ ድረስ የሚያቆየኝ አዲስ ቱቦ በሌላው ደረቴ በኩል ገብቷል።

ሐኪሟ ጣቴን ይዛ ስፌቱ አጠገብ አሳረፈችው። ይንዘረዘራል! ከቆዳዬ ሥር ደሜ ሲሮጥ በጣቴ ይሰማኛል። «ይኼ ንዝረት በየቀኑ መኖሩን አረጋግጪ፣ ከቆመ ሮጠሽ ነይ» አለችኝ።

አምባሬን በቀኝ እጄ አደረግኩት። ቀላል ነገር ነበር ለካ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ወደ ገንዳ ውኃ ክሊኒክ ተመለስኩ። ጋሽ ያረጋል ሲያዩኝ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እቴ፣ በክኒኔ ልገድልሽ ነበር እኮ።»

«ምን አደረጉ እርስዎ? ጋቢ ነው ያለበሱኝ።»

ሰሊጡ ተሰብስቧል። ታጭዶ የነዶው ክምር ሂላው ቆሞ፣ ደርቆ ተራግፏል፤ ከፊሉ ግን ማሳ ላይ ቀርቷል። ምንይችል አሁን እሳቸውን ይዟል፤ ክንድዎን ያሠሩ፣ ይህን ቱቦ እንገላገለው ይላቸዋል። እምቢ አሉ። «ማጭድ የምይዝበትን ክንድ ለመቀስ አልሰጥም።» ዘንድሮ ማጭድ አልያዙም። አምናም አልያዙም። ማንም ይህን አልነገራቸውም።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ሱቅ ተቀምጬ ስፖንጅ እጨብጣለሁ። ሥሩ እንዲጠነክር ነው። ደንበኞች ምን ሆነሽ ነው ይላሉ፣ አሳያቸዋለሁ። አንዷ ጣቷን አሳርፋ ጮኸች።

ጥር 7፣ ሐሙስ

ለመጀመሪያ ጊዜ በመርፌ ታጠብኩ። ሁለቱም መርፌ ወፍራም ነው፣ ያማል። ምንይችል ከእኔ ይበልጥ አላበው። ሠራ። ጥቂት ጊዜ እንዲህ ከሠራ ቱቦው ይወጣል።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ትናንት ጥምቀት ስለነበር እጥበቱ ወደ ዛሬ ዞረ። ጋሽ ያረጋል በነጭ በነጭ ሆነው መጡ። ሲያወሩ ዋሉ፤ የሽንፋ ወጣት እንዴት እንደጨፈረ፣ ታቦቱን እንዴት እንዳስገቡ። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ጥር 18፣ ሰኞ

ማሽናቸው ከተጀመረ በኋላ ወሬያቸው ተቋረጠ። መጀመሪያ የተኙ መስሎኝ ነበር። ዞር ስል ጋቢያቸው ይንቀጠቀጣል።

«ጋሽ ያረጋል?»

«ወባ ናት» አሉ በጥርሳቸው መሐል።

«በጥር ምን ወባ አለ?»

«አንዳንዴ ብቅ ትላለች።»

«ሐሙስስ ብቅ ብላ ነበር?»

ጋቢውን እስከ አገጫቸው ሳቡ።

ክንዴ ላይ ሁለት መርፌ ተሰክቷል፣ መነሳት አልችልም። «ምንይችል!» ብዬ ጮህኩ። እንዲህ የጮህኩት ልጅ ሆኜ ነው። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ተይ እቴ፣ በሰው ፊት አታዋርጅኝ» አሉ ቀስ ብለው።

ምንይችል ደረሰ። ግንባራቸውን ዳሰሰ፣ ማሽኑን አቆመ። «ጋሽ ያረጋል፣ ቱቦው ረጥቦ ነበር?»

«የለም።»

«ምንም ውኃ አልነካውም?»

«የለም አልሁህ እኮ!»

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። የእኔ ድምፅ ነው።

«እኔ ጢስ ሞቄ ነው» አልኩ። ከፍ አድርጌ ነው የተናገርኩት፤ የታማሚዎቹ ቤተሰብ፣ በር ላይ የምትወለውለው ሴት፣ ሁሉም እየሰማ። «ለባሌ ብዬ ጢስ ሞቅኩ። ላቡ ገባበት። አፍሬ ዝም ስል ልሞት ነበር። እርስዎስ ምን አድርገው ነው?»

አንዲት አስታማሚ አፏን ይዛ ሳቀች። ትሳቅ። ፊቴ ነደደ፣ ግን ዓይኔን ከሳቸው ላይ አላነሳሁም።

ጋሽ ያረጋል ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጠበል ነው» አሉ። «ጥምቀት ዕለት። በጎማ ነበር የሚረጩን። ጋቢየን ገልጬ ደረቴን ሰጠሁ። ከነቱቦው። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል እኔ ብቻ ደረቅ ሁኘ ልመለስ? በኋላ ልነግርህ ነበር፤ ጠበሉን ትከለክለኛለህ ብየ ፈራሁ።»

ምንይችል ደም መቅጃውን እያዘጋጀ ነበር። «አልከለክልዎትም» አለ። «እኔም ተጠምቄያለሁ። በራስዎ ላይ ይፍሰስ፤ ደረትዎ ግን ደረቅ ይሁን። ከረጠበ ደግሞ ያንኑ ዕለት ይደውሉልኝ፣ በበዓልም ይሁን በሌሊት። እሺ?»

«እሺ፣ ልጄ።»

ደሙን ቀዳ፣ መድኃኒቱን ሰጣቸው። አምቡላንስ እስኪመጣ ጋቢያቸው ላይ የእኔን ነጠላ ደረብንላቸው። ሲያወጧቸው ቀኝ እጄን ጨበጥ አደረጉ። እጃቸው እሳት ነው።

«የዚያች የጢስሽ ነገር» አሉ፣ «ያን ጊዜም ሰምቻለሁ። እንዳልሰማሁ ሁኘ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኳቸው።

ጥር 28፣ ሐሙስ

ቱቦዬ ወጣ። ምንይችል በቁራጭ ጎዝ ሸፍኖት «ይኸው፣ ጨረስን» አለ። የጋሽ ያረጋል አልጋ ላይ ዛሬም ሌላ ሰው ነው።

ወደ ቤት ስመለስ ኮኪት ላይ ስልኬ ጠራ።

«እቴ መጂዳ፣ አለሁ!» ጋሽ ያረጋል ናቸው። ድምፃቸው ቀጥኗል፣ ግን የሳቸው ነው። «ትኩሳቷ ወርዳለች። ቱቦዋንም አወጧት። ክንዴን ለመቀስ ሰጥቻለሁ፣ ለፊታችን ሳምንት ነው።»

«ማጭዱስ?»

«ማጭዱንማ ማን ነበር የሚይዘው?» አሉና ሳቁ።

ሚኒባሱ ውስጥ አለቀስኩ። ጎኔ የተቀመጠችው ሴት ውኃ ሰጠችኝ፤ አንዴ ተጎነጨሁላት።

ጥር 30፣ ቅዳሜ

ጠዋት ስነቃ የኸሊፋ አልጋ ከአልጋዬ ጋር ገጥሟል። መቼ እንዳመጣው አልሰማሁም። የሚንዘረዘረውን ግራ ክንዴን ወስዶ ጆሮው ሥር አድርጎታል። ዱኻን አልሞቅኩም፣ ሽቶም አልተቀባሁም። ትናንት ላብ በላብ ሆኜ ነበር የተኛሁት።

ክንዴን ቀስ ብዬ ልስብ ስል ያዘው።

«ወፍጮ ቤት ያደርኩ መሰለኝ» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ይረብሽሃል?»

«ሲቆም ነው የሚረብሸኝ።»

ዛሬ ሱቅ አርፍጄ ከፈትኩ።